አዛለች በጉንጯ የያዘችው

እህቴ አዛለች ጊፋታ ሲቃረብ ልጇን አዝላ ሁምቦ ካለው ከባሏ ቤት ተመልሳ መጣች። ክረምቱ እየወጣ ነበር። የእንሰቱ ቅጠል ታጥቦ ያበራል፤ ከሥሩ ግን ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ከእንሰቱ መሃል ብቅ ስትል መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። ግንባሯን በነጠላ ጫፍ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች። ሰማዩ ደመና ነው፤ እሷ ግን ፀሐይ እንደመታው ሰው ዓይኗን አጥብባ ታየኛለች።

«አዬ አለች?» አለችኝ። እናታችንን አዬ ነበር የምንላት።

«አለች። ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?»

«ራስ ምታት» ብላኝ አለፈች።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አዛለች ቀልደኛ ነበረች። ሳትዳር በፊት የሰውን ሁሉ አነጋገር እያስመሰለች ታስቀን ነበር፤ የአባታችንን የባዳቾን ቁጣ፣ የሽማግሌውን የዳናን ሳል፣ የላማችንን አካሄድ ሳይቀር።

ከኋላዋ ስሄድ አንድ እግሯ ከሌላው ወፍሮ አየሁ። ጭቃ የያዘው መስሎኝ ነበር። ስትታጠብ ጭቃው ሄደ፤ ውፍረቱ ቀረ። ልትጠይቃት ብቅ ያለች ጎረቤታችን አየችውና፣

«የሁምቦ አማት እንዲህ ናት፤ አንዱን እግር አብልታ ሌላውን ትረሳዋለች» አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። አዛለችም አብራቸው ሳቀች፤ ወዲያው ግን ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ በመስከረም ይገባል። ለእሱ ወንዶቹ ስለ በሬው ያስባሉ፤ ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ያጠራቅማሉ። ሌላም ሕግ አለው። ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነው። በዓሉ ሳይገባ የተጣላ ሁሉ ይታረቃል። ያልታረቀ ሰው ከበሬው ድርሻውን ይወስዳል እንጂ ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ አይበላም።

ቤታችን አንድ ሰፊ ሣር ቤት ነበር። ከብቱ በአንድ ወገን፣ ሰው በሌላው ያድራል። እኔ ከጥጃዎቹ አጠገብ ነበር የምቀመጠው። ከጥጃ ጋር የተቀመጠ ልጅ እንደ ጥጃ ይቆጠራል፤ ፊቱ ሁሉም ነገር ይወራል።

«አማትሽ ምን አደረገችሽ?» አለች አዬ።

«ራሴን አመመኝ። ከወለድኩ ወዲህ አልተወኝም። አናቴ ላይ ቅቤ አደረግሁበት።»

«የትኛውን ቅቤ?»

«የጊፋታውን።»

አዬ ሕፃኑን ተቀበለቻት። ከዚያ፣ «ምን ያህል?» አለች።

«እስኪሻለኝ።»

«ተሻለሽ?»

«አልተሻለኝም። የሶርሳ እናት ደግሞ በሰው ፊት፣ ‹አራስ ብዬ ልመግባት ስል የዓመት ቅቤዬን ጠጉሯን ቀባችው፤ ባሏን ትታ ለማን ልታምር ነው?› አለችኝ። ሶርሳም ሰምቶ ዝም አለ።»

ሶርሳ ባሏ ነው። ዝም ያለው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እናቱን ይፈራ ነበር።

አባቴ ከውጭ ገባ፤ ነገሩን ቆሞ ሰማ፤ ካቦርቱን ሳያወልቅ ፈረደ።

«ኩርፊያ ነው። ሽማግሌ ይመጣል፣ ትታረቃለች፣ ትመለሳለች። እስከዚያ አብሏት።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ አዛለች ቅቤ ሰርቃለች። ደስ አለኝ። በቤታችን ሌባ የሚባለው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አሁን የማውቀውን እዚህ ላይ ልናገር። አዛለች ያን ጊዜ የልጅ ልጄን የብሩክታይትን ዕድሜ ያህል ነበረች። በወፈረው እግሯ ውስጥ ደም ረግቶ ነበር። ግንባሯን አስራ በያዘችው ራሷ ውስጥም ሌላ ደም እየረጋ ነበር። ቅቤውን አናቷ ላይ ያደረገችው ለማማር አልነበረም። ይህን የሰማሁት ባለፈው ዓመት ሶዶ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ስለ አዛለች አይደለም የነገሩኝ፤ ስለ ብሩክታይት ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አዛለች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል። ሕፃኑ ታምራት ሲያለቅስ ታጠባዋለች፤ ከዚያ ለአዬ ትሰጣትና እንደገና ትዞራለች። ብርሃን አትወድም። በሩን ከፍቼ ስገባ፣ «ዝጋው» ትለኛለች። ትንሽ ቆይቶ «ዝጋው» ማለትም ተወች፤ በእጇ ብቻ ታሳየኛለች።

አንድ ቀን ውኃ ወስጄላት ስገባ ቀኝ እጇ ብቻውን ይዘላል። ጣቶቿ ይጨብጣሉ፣ ይከፍታሉ፤ ክንዷ ከአልጋው ላይ ይነሳል፣ ይወድቃል። ሌላው ሰውነቷ አይነቃነቅም። እጅ ብቻውን ሲጨፍር አይቼ አላውቅም ነበር። ሳቄን ይዤ ቆሜ አየሁት። ሲያበቃ፣

«ድገሚው» አልኳት።

አልደገመችውም። ዓይኗን ጨፈነች።

በማግስቱ ቅሉን ስትቀበለኝ ከእጇ አምልጦ ወተቱ መሬት ላይ ፈሰሰ። አባቴ ከደጅ ሰምቶ፣

«ዕቃ መስበር ጀመረች እንግዲህ» አለ።

«አልሰበረችም» አለች አዬ። «እጇ አልያዘላትም። ባዳቾ፣ ይህ ነገር ኩርፊያ አይመስለኝም።»

«አንቺ አኩርፈሽ አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ሳኮርፍ ውኃ እጠጣለሁ። እሷን ውኃው ያንቃታል።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው?»

«ሶዶ ሐኪም ይያት።»

«ለኩርፊያ መርፌ አለ?» አለ አባቴ። ደጅ የነበሩት ወንዶች ሳቁ። የአባቴ አነጋገር ብዙ ጊዜ ያስቅ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከተሳቀለት ደግሞ ከቃሉ አይመለስም። አዬም ሰው የሳቀበትን ነገር መልሳ አታነሳም።

ቀረብ ብዬ ያየኋት እኔ ነኝ። አፏ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። አንደኛው ጉንጯ ከሌላው ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ ከከንፈሯ ጥግ ምራቅ ይወርዳል። ስሟን ስጠራ ታየኛለች፤ አትመልስም። ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባኝ። አዛለች ቅቤውን አልጨረሰችውም። በጉንጯ ይዛዋለች።

የልጅ ነገር ነው፤ ግን መሠረት ነበረው። እኔም ስኳር ሰርቄ በጉንጬ ይዤ አውቃለሁ። ሲጠይቁኝ አልናገርም፤ ከተናገርኩ ይወጣብኛል። ምራቄም እንደዚሁ ይወርድ ነበር። ቅቤ አፍ ውስጥ እንደሚቀልጥ አላሰብኩም። የታየኝ የአዛለች ብርታት ነው። ያን ያህል ጊዜ ሳትውጥ፣ ሳትተፋ፣ ሳትናገር! አልነገርኩባትም። ሌሎች ልጆች ሊያዩአት ሲመጡ በሩ ላይ ቆሜ ከለከልኳቸው። ብቻችንን ስንሆን ደግሞ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብዬ፣ «ዋጪው፣ ማንም አያይም» እላታለሁ።

አንድ ጊዜ በግራ እጇ ራሴን ዳበሰችኝ። ምስጢራችን አንድ ሆነ ብዬ ደስ አለኝ።

ጊፋታ ሊገባ ሲል ሽማግሌዎቹ መጡ። ከሁምቦ ሶርሳና እናቱ፣ ከእኛ ወገን አባቴና ዘመዶቹ፣ በመሃል ዳና። ዳና ረጅም ሰው ነው፤ ከመናገሩ በፊት ሁሌም ይስላል። ደጃችን ላይ በጨፌው ሣር ላይ ተቀመጡ። አዬ አዛለችን ደግፋ አወጣቻት፤ ሕፃኑ በአዬ ጀርባ ነው። አዛለችን ከአማቷ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ አስቀመጠቻትና ከኋላዋ ቆመች። እኔ የጥጃ ገመድ ይዤ ከግድግዳው ተጠጋሁ።

ዳና ሳለ።

«የጠፋው ቅቤ ነው» አለ። «ቅቤ ላም እስካለች ይመለሳል። በቅቤ ቤት ሲፈርስ አላየሁም። በቅቤ ቤት ሲለሰን ግን አይቻለሁ።»

ሳቁለት። የሶርሳ እናትም ፊቷ ፈታ አለ። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ተበዳይ እርጥብ ሣር ለበዳይ ትሰጣለች። በዳይ በቀኝ እጇ ትቀበላለች። ሁለቱም «ከሆዴ አውጥቻለሁ» ይላሉ። ከዚያ አዛለች ልጇን አዝላ ከባሏ ጋር ትሄዳለች፤ በዓሉንም በቤቷ ትውላለች። ባትቀበል ደግሞ ባሏ ልጁን ይዞ ይመለሳል። ልጅ የአባቱ ወገን ነው፤ ይህን ማንም መናገር አላስፈለገውም።

የሶርሳ እናት ከሣሩ ነቅላ ዘረጋችላት።

«እኔ ከሆዴ አውጥቻለሁ። አሁንም ግን ጠጉር ቅቤ አይበላም እላለሁ።»

«እሱ ከእርቁ በኋላ ይነገራል» አለ ዳና። ደግሞ ተሳቀ።

አዛለች ሣሩን አየችው። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ነበር። ቁልቁል አየችው፤ ሌላ ሰው እዚያ አስቀምጦት የሄደ ዕቃ ይመስል። ከዚያ ግራ እጇን ዘርግታ ሣሩን ተቀበለች።

ሰው አጉረመረመ። በግራ እጅ ምግብ አይሰጥም፤ ሰላምታ አይቀርብም። የእርቅ ሣር በግራ መቀበል ‹እርቅሽን ለውሻ ስጪ› እንደ ማለት ነው።

«በቀኝሽ!» አለ አባቴ።

አልሰማችም መሰል። ሣሩን በግራዋ ጨብጣ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ይሁን፤ ቃሏን ትስጥ» አለ ዳና። «ልጄ፣ ከሆዴ አውጥቻለሁ በይ።»

አዛለች አፏን ከፈተች። አንገቷ ላይ ሥር ተገተረ። ጉንጯ ተንቀጠቀጠ። እኔ እስትንፋሴን ያዝኩ፤ አሁን ሊወጣባት ነው አልኩ።

«ቅቤ» አለች።

ዳና እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። «ምን አለች?»

«ቅቤ» አለች ደግማ።

«ቅቤው ቀርቷል ልጄ። ከሆዴ አውጥቻለሁ ነው የሚባለው።»

«ቅቤ። ቅቤ።»

ከኋላ አንድ ወጣት ፈነዳ፤ ሌሎቹም ሳቁ። የሶርሳ እናት ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ሰማችሁ? የበላችው አልበቃትም፤ በሽማግሌ ፊት ጨምሪ ትለኛለች! እኔን እንደ ድሮዋ መቀለጃ ልታደርገኝ!»

ሶርሳ ወደ ሚስቱ ጎንበስ አለ። እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረም ነበር።

«አዛለች፣ በልጁ ይዤሻለሁ። አንዲት ቃል ናት። በያት።»

አዛለች አየችው። እንባዋ ወረደ። በሙሉ ኃይሏ፣ ሰው ከገደል ሲጠራ እንደሚጮኸው፣ «ቅቤ!» አለችው።

ሶርሳ ቀና አለ። ከዚያ በኋላ ወደ እሷ አልዞረም።

እኔ ግን ሸክም ወረደልኝ። አዛለች አመነች! ሲጠይቋት፣ አልዋሸችም፣ በአፏ ያለውን ተናገረች። አሁን ትተፋዋለች፤ ያዩታል፤ ይስቃሉ፤ ነገሩ ያልቃል። መሬቱን እያየሁ ጠበቅሁ። ምንም አልወደቀም።

«በግራ እጅ እርቅ አይገባም» አለ ዳና። ድምፁ ቀልዱ ጠፍቶበት ነበር። «ቤቷን ያፈረሰችው ራሷ ናት። እኛ ለምነናል።»

የሶርሳ እናት ሕፃኑን ከአዬ ጀርባ ፈታች። አዬ ለመያዝ እጇን ወደ ኋላ ሰደደች፤ አባቴ ሲያያት ለቀቀች። ሕፃኑ አለቀሰ። አዛለች ከበርጩማው ተነሳች፤ አንድ ጊዜ ረገጠች፤ ከዚያ በጎኗ መሬት ላይ ተዘረረች። በግራ እጇ ሣሩን እየያዘች ወደ ፊት መሳብ ጀመረች።

ይህን ደግሞ በደንብ የማውቀው መሰለኝ። የጠየቅሁትን ሲከለክሉኝ እኔም እንዲሁ መሬት ላይ እጣላለሁ።

«ተዉአት» አለ አባቴ። «ሲደክማት ትነሳለች።»

ጊፋታ ገባ። ሰው በየደጁ ችቦ ይዞ ሲዘፍን እኛ ቤት ተቀመጥን። የበሬው ድርሻችን በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በር ድረስ መጣልን፤ እንደ ሐዘን ቤት። አዛለችን ጠላኋት። በዓሌን በአንድ ጉንጭ ቅቤ ለውጣብኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሦስት ክረምት ኖራለች። እግሯን እየጎተተች መሄድ ቻለች፤ ቀኝ እጇ አልተመለሰም። ቃሏም ከዚያች ከአንዲቷ ብዙ አልዘለቀም። ውኃ ስትፈልግ «ቅቤ» ትላለች። ዝናብ ሲመጣ «ቅቤ» ትላለች። ረፋድ ላይ ከእንሰቱ ጫፍ ቆማ ወደ ሁምቦ የሚወርደውን መንገድ ታይና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታባብላለች፤ ቃሉ ያው ነው። ሶርሳ ሌላ አገባ። ልጁን አንድም ቀን አላመጡትም። አንድ ጠዋት አዬ ልትቀሰቅሳት ስትገባ ሞታ አገኘቻት። ሲያለቅሱ፣ ትዕቢቷ ገደላት አሉ።

ከቤታችን ያልወጣው ታሪኳ ነው። ሴት ልጅ ስታኮርፍ፣ «የአዛለችን ኩርፊያ እንዳትጀምሪ» ይባላል። አዬ አትለውም ነበር፤ ሌሎቹ ግን ይሉታል። አባቴ ብሏል፤ ሚስቴ ብላለች፤ ልጆቼ አዛለችን ሳያዩ ብለዋል። እኔም ሲባል ሰምቼ አልፌያለሁ። እንደ ምሳሌ ነበር የምናየው፤ ምሳሌ ደግሞ አይጠየቅም።

ባለፈው ዓመት ብሩክታይት በወለደች በወሩ ሶዶ ቤቷ ውስጥ ራሷን አመማት። የወንድ ልጄ ልጅ ናት፤ ሕፃናት ታስተምራለች። ልንጠይቃት ስንሄድ ፊቷን አዙራ ተኝታለች፤ ለሚጠይቃት ሁሉ መልስ የላትም። ምራቴ ጓዳ ገብታ፣ «ከባሏ ጋር ተጣልታ ነው፤ የአዛለችን ኩርፊያ ጀመረች» ስትል ሰማሁ። ሴቶቹ ተስማሙ። አንዷ፣ «ተዉአት፣ ሲወጣላት ትናገራለች» አለች።

ባሏ ግን፣ በእምነት የሚባለው፣ ከበዴሳ የመጣ ልጅ ነው፤ የእኛን ቤት ተረት አያውቅም። ሰው ካልተናገረ ታሟል ብሎ ነው የሚያስበው። እኛ ገና እየተማከርን ሳለ ባጃጅ ጠርቶ አቅፏት ወጣ።

ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት፤ ሊድያ ይሏታል። ኮሪደሩ ላይ ከልጄና ከበእምነት ጋር አቆመችን።

«ስትሮክ ነው» አለች።

«ስትሮክ የሽማግሌ አይደለም እንዴ?» አልኳት። «እኔ እዚህ ቆሜ?»

«የወጣትም አለ አባባ። ከጭንቅላቷ ደም የሚመልሰው ሥር ውስጥ ደም ረግቷል። አንዳንድ ሰው ደሙ ከልክ በላይ ይረጋል፤ ሲፈጠር ጀምሮ ነው። ሲያረግዝና አራስ ሲሆን ይብሳል። ከዘርም ይወርዳል። በቤተሰባችሁ በወጣትነቱ እንዲህ የታመመ አለ? እግሩ ያበጠ? አንደበቱ የተያዘ?»

ልጄ እኔን አየኝ። ከድሮዎቹ የቀረሁት እኔ ነኝ።

«የለም» አልኩ።

የማውቀውን ነው የተናገርኩት። አዛለች ታማ ነበር ብሎ የነገረኝ ሰው የለም።

ብሩክታይት ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ተጀመረላት። ቀን ቀን አልጋዋ አጠገብ እቀመጥ ነበር። አንድ ከሰዓት አፏን ከፍታ የሆነ ነገር ልትነግረኝ ፈለገች። የአንገቷ ሥር ተገተረ፤ ጉንጯ ተንቀጠቀጠ። «ስልክ» አለች። ስልኳን ሰጠኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ «ስልክ፣ ስልክ» አለች፤ ማለት የፈለገችው ያንን እንዳልሆነ በዓይኗ ታየኝ። በጣቷ ጡቷን አሳየችኝ። ልጇን ነበር የምትለኝ።

ተነስቼ ወጣሁና ዶክተሯን ፈለግኋት።

«አንዲት እህት ነበረችኝ» አልኳት።

ቆማ ሰማችኝ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ልጇ አለ?»

ታምራት ሶርሳ በሕይወት እንዳለ አውቅ ነበር። ሁምቦ ውስጥ፣ ተበላ ከተማ በቆሎ እንደሚነግድም ሰምቻለሁ። ከዚያ እርቅ ወዲህ ግን የእኛ ዘርና የእነሱ ዘር አልተገናኘም፤ ለሠርግም ለቅሶም። የብሩክታይት ቃል አንድ በአንድ እየተመለሰ፣ ደሟም አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተመርምሮ ዶክተሯ የጠረጠረችው ሲረጋገጥ፣ ልጄ «ሰው ልከን እናስነግረው» አለኝ። እኔ ግን በገበያ ቀን ራሴ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወረድኩ።

ሱቁ ከገበያው ዳር ነው። ታምራት ራሱ ሚዛን ላይ ቆሟል፤ ጠጉሩ ሸብቷል። የአዛለች ግንባር አለው። ዙሪያውን ገበያተኛ ቆሞ ተራ ይጠብቃል።

«አባባ፣ ሊሸጡ ነው ሊገዙ?»

«ሁለቱም አይደለም። የአዛለች ወንድም ነኝ።»

በቆሎውን ከሚዛኑ ላይ አላወረደም።

«በቅቤ የለወጠችኝ ሴት ወንድም?» አለ። «ልጅ ሆኜ እዚህ ገበያ ስወጣ ልጆች ምን ይሉኝ እንደነበር ያውቃሉ? ‹ታምራት፣ ቅቤ ስንት ዋለ?› ይሉኝ ነበር። አሁን ምን ዋለ ብለው መጡ?»

ሰዎቹ ሳቁ፤ ከዚያ ፊቱን አይተው ተዉት።

«ሐኪም ነው የላከኝ» አልኩት። «እናትህ አላኮረፈችም። ታማ ነበር።»

ቆሜ ነገርኩት። እግሯን፣ ራሷን፣ እጇን። ሣሩን በግራ የተቀበለችው ቀኙ ሞቶባት እንደሆነ። ከቃል ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ እንደቀረቻት፣ እሷም የመጣላት እንጂ የመረጠቻት እንዳልሆነች። ብሩክታይትንም ነገርኩት። ገበያተኛው በዙሪያችን ቆሞ ይሰማል፤ ለብቻ እንነጋገር አላለኝም፤ እኔም አላልኩትም። ሲሰደብ የኖረው በገበያ መሃል ነው።

ወደ እኔ ቀረብ አለ። ከዚያ፣

«ትጠራኝ ነበር?» አለኝ።

«ከእንሰቱ ጫፍ ቆማ መንገዱን እያየች ትጠራህ ነበር። ስምህን ማለት አልቻለችም። በቀረቻት ቃል ነው የጠራችህ።»

ወደ ሚዛኑ ዞረ። በቆሎውን አወረደ፤ መልሶ ጫነው፤ ደግሞ አወረደው።

«ሴት ልጆች አሉህ?» አልኩት።

«አሉኝ።»

«ያረገዘች አለች?»

ከሱቁ ኋላ ወዳለው ቤት ዞሮ ተጣራ።

«ሩት! ነይ እስቲ!»

ሆዷ የገፋ ወጣት ሴት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።

«አቤት አባዬ።»

«ነጠላሽን ልበሺ። ሶዶ እንሄዳለን።»

«በገበያ ቀን? ሱቁስ?»

«ይዘጋል። ሐኪም ታይሻለች።»

«እኔ ምን ሆንኩ? ደኅና ነኝ እኮ።» ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ወደ አባቷ፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰውዬው ማናቸው?»

ታምራት የሱቁን በር ቁልፍ ከኪሱ እያወጣ ነበር። ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ቀና ብሎ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣

«የእናቴ ወንድም ናቸው» አላት።